ከበረባሶና ከ138 ግራሙ ጫማ መካከል፦ ለዕለት ሩጫ የሚሆነው የቱ ነው?

ድሬዳዋ ላይ የሚሮጥ ሰው ከፀሐይ ጋር እሽቅድምድም ውስጥ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ከዚራ ላይ ሶምሶማ የጀመረ ሰው አስፋልቱ ሳይግል ቤቱ መግባት አለበት። በዚያች አጭር ጊዜ ግን እግሩ የማይረግጠው ነገር የለም፤ የከዚራ አስፋልት፣ የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ሲደርስ አሸዋ፣ ጉልበቱ ከፈቀደለት ደግሞ የደንገጎ ዳገት። ጫማው አንድ ነው። በዚያው ጫማ ዝግ ብሎ ይሮጣል፣ አንዳንዴ ይፈጥናል፣ እሑድ እሑድም ረዥሙን መንገድ ይወጣበታል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ አንድ ጫማ ነው። ከምን እንደተሠራ፣ የትኛው ክፍሉ ምን እንደሚሠራና ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ምኑን ማየት እንዳለባችሁ ያስረዳል። የአንዱን ድርጅት ጫማ ከሌላው አያስበልጥም።

ትዕግሥት ያደረገችው ጫማ ለእኔስ አይሆንም?

ትዕግሥት አሰፋ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ጨርሳ የሴቶችን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ስታሻሽል፣ ያደረገችው ጫማ አንዱ እግር 138 ግራም ብቻ ይመዝን ነበር። መሸጫ ዋጋው ያኔ 500 ዶላር ነበር። ብዙ ሰው ያልሰማው ግን አምራቹ አዲዳስ ራሱ የተናገረውን ነው፤ ጫማው የተሠራው ለአንድ ማራቶንና እግር እስኪለምደው ድረስ ላለው ጥቂት ልምምድ ነው።

ያ ቅለት የመጣው ከጎማውና ከጨርቁ ላይ እየተቀነሰ ነው። ከሥር ያለው ጎማ የተቀባ ቀለም ያህል ስስ ነው። የከዚራን አስፋልት በሳምንት አራት ቀን ብትመላለሱበት ወር መቁጠሩን እንጃ።

የዚህ ጫማ ተቃራኒ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ በረባሶ። ከመኪና ጎማ የሚቆረጠው በረባሶ ሁለመናው ጎማ ነው። ዓመታት ያገለግላል፣ እሾህም አይደፍረውም፤ መሬት የሚመልሰውን ምት ግን ምንም ሳይቀንስ ለጉልበት ያስረክባል። የ138 ግራሙ ጫማ ደግሞ ሁለመናው ስፖንጅ ነው። የዕለት የሩጫ ጫማ የሚባለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተቀመጠው ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ እግር ከ250 እስከ 300 ግራም ይመዝናል። ትርፍ የሚመስለው ክብደት ጫማው ብዙ እንዲቆይ የተጨመረለት ጎማና ስፖንጅ ነው።

ስለ ካርቦንም እዚሁ ላይ እንጨርስ። የውድድር ጫማዎች ስፖንጃቸው መሃል ጠንካራ የካርቦን ዝርግ ይገባባቸዋል፤ የጫማው ፊት እንዳይታጠፍ ይይዘውና ከስፖንጁ ጋር ሆኖ እግርን ወደፊት ይገፋል። ጥቅሙ የሚታየው በፍጥነት ሲሮጥ ነው። በሶምሶማ ፍጥነት ግን ጫማው እንደ ጣውላ ድርቅ ይልባችኋል። ለዕለት ጫማ ካርቦን አያስፈልግም፤ ሻጩ «ካርቦን ነው» ብሎ ዋጋ ሲጨምር ይህን አስታውሱ።

ስፖንጁ ምን ይሠራል?

ስትሮጡ እያንዳንዱ እርምጃ ላይ መሬቱ የሰውነታችሁን ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ በሚሆን ኃይል ይመልስላችኋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከ120 እስከ 180 ኪሎ ተሸከመ ማለት ነው። በቀስታ ሩጫ አንድ ኪሎ ሜትር 1,000 እርምጃ ገደማ አለው፤ ለእያንዳንዱ እግር 500። ይህን ምት ቀድሞ የሚቀበለው በጎማውና በጨርቁ መካከል ያለው ወፍራም ክፍል ነው። አምራቾች ብዙ የሚያምር ስም ያወጡለታል፣ እኛ ስፖንጅ እንለዋለን።

አሠራሩን ለመረዳት የስፖንጅ ፍራሽ ይበቃል። አዲስ ፍራሽ ላይ ቁጭ ስትሉ ይሰምጣል፣ ስትነሱ ይመለሳል። ያረጀው ላይ ግን የተኛችሁበት ቦታ ጎድጉዶ ይቀራል። የጫማ ስፖንጅም ውስጡ በጥቃቅን የአየር ጎጆዎች የተሞላ ነው። ስትረግጡት ይጨመቃሉ፣ ስታነሱት ይነፋሉ። አምራቾች በየዓመቱ የሚፎካከሩት የትኛው ስፖንጅ ቶሎ ይመለሳል፣ የትኛው ይቀላል፣ የትኛው ይቆያል በሚለው ነው። ሦስቱንም አሟልቶ ርካሽ የሆነ እስካሁን የለም።

ገበያ ላይ የምታገኙት በአብዛኛው ከሦስት ዓይነት አንዱ ነው። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለውና አሁንም ብዙው ጫማ የሚሠራበት ኢቪኤ ይባላል። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ነጠላ ጫማም ይሠራበታል። ሁለተኛው ቲፒዩ ነው። አዲዳስ በ2013 (እ.ኤ.አ.) «ቡስት» ብሎ ያወጣው የዚህ ዓይነት ነው፤ ጎኑን ስታዩት ፈንዲሻ ተጨምቆ የተጣበቀ ይመስላል። ከኢቪኤ ይከብዳል፣ ግን ብዙ ይቆያል። ሦስተኛው ፔባ የሚባለው፣ በጣም ቀላልና ነጣሪ የሆነው የውድድር ጫማ ስፖንጅ ነው። ዋጋው ውድ ስለሆነ ለዕለት ጫማ ግዴታ አይደለም።

የድሬን ሰው የሚመለከተው ግን ሙቀቱ ነው። ኢቪኤ በብርድ ይደርቃል፣ በሙቀት ይለሰልሳል። ቀዝቃዛ አገር ተሞክሮ «ልኩ ነው» የተባለ ጫማ እዚህ ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ ከተጠበቀው በላይ ለስልሶ ሊገኝ ይችላል። ቲፒዩ በሙቀት መለዋወጥ ብዙም አይቸገርም። ስለዚህ ሁለት ጫማ እኩል ከተመቻችሁ ትንሽ ጠጠር የሚለውን ምረጡ፤ ቀሪውን ፀሐዩ ያለሰልስላችኋል።

ከዚህ የባሰው የማድረቁ ነገር ነው። እኔ አንድ ጊዜ የታጠበ ጫማዬን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጥቼ ሥራ ሄድኩ። ማታ ሳወርደው ስፖንጁ ተጨራምቶ፣ ጫማው አንድ ቁጥር ያህል አንሶ አገኘሁት። ኢቪኤ በኃይለኛ ሙቀት ይሰበሰባል፣ ማስቲሹም ይለቃል። ጫማ የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ የሚደርቀውም ውስጡ ጋዜጣ ተጠቅጥቆ ጥላ ሥር ነው።

ወፍራሙ ይሻላል ወይስ ቀጭኑ?

ደራራ ሁሪሳ በመስከረም 2014 ዓ.ም. የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ ውጤቱ ተሰርዞበታል። ምክንያቱ ጫማው ነበር። የዓለም አትሌቲክስ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጎዳና ውድድር ጫማ ከሥሩ እስከ እግር መርገጫው ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ከልክሏል፤ የደራራ 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። የአንድ ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ነገር ሜዳሊያ አስነጠቀ። ስፖንጅ ሲጨመር ጉልበት ስለሚቆጥብ ነው ልኩ በሕግ የተወሰነው።

ሕጉ ሰፈር ውስጥ የምንሮጠውን አይመለከተንም። ሆኖም ለእኛ ሌላ ነገር ያስተምራል፦ ከፍታ ያለ ዋጋ አይመጣም። ከፍ ያለ ጫማ ላይ መቆም ሁለት ፍራሽ ደርቦ ላዩ ላይ እንደመቆም ነው፤ ሜዳ ላይ ይመቻል፣ ኮብልስቶን ላይ ግን ቁርጭምጭሚት ይዞራል። ሐረር ጀጎል ውስጥ በእነዚያ ጠባብ የድንጋይ መንገዶች ለመሮጥ የሞከረ ሰው ይህን ለማወቅ ሁለተኛ ቀን አያስፈልገውም። ከ30 ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከሥሩ ሰፋ ያለ ጫማ አስፋልቱንም ድንጋዩንም ይችላል። ስፋቱን ለማየት ጫማውን ገልብጡት፤ ወገቡ ላይ በጣም የሚቀጥን ከሆነ ለተቀላቀለ መንገድ አይመከርም።

ከከፍታው ጋር አብሮ የሚጠራው «ድሮፕ» የሚባለው ነው። በተረከዝ በኩል ያለው ውፍረት በጣቶች በኩል ካለው በስንት እንደሚበልጥ የሚናገር ቁጥር ነው። ተረከዙ 34፣ ፊቱ 24 ሚሊ ሜትር ከሆነ ድሮፑ 10 ነው። ድሮፑ ከፍ ሲል ጫናው ወደ ጉልበት ያደላል፣ ሲያንስ ደግሞ ወደ ባትና ወደ ተረከዝ ጅማት ይወርዳል። ዳገት ሲወጣ ባትና ጅማቱ በራሱ ይወጠራል። ስለዚህ ከድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ወደ ደንገጎ የምትወጡ ከሆነና የተረከዝ ጅማታችሁ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ድሮፕ ያለው ይሻላችኋል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው 5 ወይም 6 የሆነውን ቢሞክር አይከፋም፤ ግን ባቱ እስኪለምድ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ብቻ።

ጎማውስ?

የባጃጅ ሹፌር ጎማ ሲገዛ ምን ያያል? ጥርሱን፣ ውፍረቱንና ጥንካሬውን። ጫማም እንዲሁ ነው። እንዲያውም የመኪና ጎማ የሚሠራው ኮንቲኔንታል ለአዲዳስ ጫማዎች ጎማ ያቀርባል።

ከጫማ ሥር ሁለት ዓይነት ጎማ አለ። ጠንካራውና ጥቁሩ ቶሎ አያልቅም፣ ትንሽ ግን ይከብዳል። አየር የገባበት ለስላሳው ቀላልና ምቹ ነው፣ ግን ቶሎ ይበላል። ጥሩ የዕለት ጫማ ብዙ ጊዜ ሁለቱን ያቀላቅላል፤ ቀድሞ መሬት የሚነካው የተረከዙ ውጫዊ ጥግ ላይ ጠንካራውን፣ ፊት ለፊት ለስላሳውን። ምንም ጎማ የሌለው፣ ስፖንጁ በቀጥታ መሬት የሚነካ ጫማ ካያችሁ ለአስፋልት ዕድሜ የለውም። በጥፍራችሁ ጫን በሉት፤ ምልክቱ ጎድጉዶ ከቀረ ያ ስፖንጅ ነው።

በጎማው መካከል ሰፋፊ ጎድጓዶች ያሉትም አለ። ይህ ለጭቃና ለገጠር መንገድ የተሠራ ነው፤ አስፋልት ላይ ጥርሶቹ ብቻቸውን ጭነቱን ስለሚሸከሙ ያልቃሉ።

«ውስጥ እግሬ ጠፍጣፋ ነው፤ የተለየ ጫማ ያስፈልገኛል?»

እርጥብ እግራችሁን ሲሚንቶ ላይ አትማችሁ «ቅስቱ» ጠፍጣፋ ነው ወይስ ከፍ ያለ ብላችሁ እንድታዩ የሚመክር ምክር ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ ኖሯል። በዚያ ምክር መሠረት እግሩ ጠፍጣፋ የሆነ ሰው፣ እግሩ ስለሚታጠፍ፣ ከውስጥ በኩል የሚደግፍ ጠንካራ ጫማ ይገዛል። ሲረገጥ እግር ወደ ውስጥ መታጠፉ «ፕሮኔሽን» ይባላል፤ በሽታ ሳይሆን የሰው እግር ምት የሚያበርድበት ተፈጥሯዊ መንገድ ነው።

ይህ ምክር ተፈትኗል። በአሜሪካ ጦር፣ በአየር ኃይልና በባሕር ወለድ ምልምሎች ላይ ተሠርተው በ2009 እና በ2010 (እ.ኤ.አ.) የወጡ ጥናቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አወዳድረዋል። ግማሾቹ እንደ እግራቸው ቅርጽ የተመረጠ ጫማ ሲሰጣቸው፣ ሌሎቹ የእግራቸው ቅርጽ ሳይታይ አንድ ዓይነት ጫማ ተሰጣቸው። የጉዳቱ መጠን ልዩነት አላሳየም። ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎች ይበልጥ ያዘነበሉት ወደ አንድ ቀላል መለኪያ ነው፤ ስትሮጡበት የሚመቻችሁን ምረጡ። የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ቢያማክር ይሻላል፤ ሌላው ግን እርጥብ እግሩን ሲሚንቶ ላይ ማተሙን ቢተው አይጎዳም።

ቁጥሬ 42 ነው፤ 42ቱ ለምን ጠበበኝ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው፣ እኔን ጨምሮ። አንድ ሱቅ ውስጥ ጣቴን የሚጫነኝ ጫማ ስሞክር ሻጩ «አቦ አድርገው! ሁለት ቀን ሲያልፈው ይሰፋል!» አለኝ። አምኜው ገዛሁ። የቆዳ ጫማ ቢሆን እውነቱን ነበር። የሩጫ ጫማ ላይኛው ክፍል ግን ከፕላስቲክ ክር የተሠራ ወንፊት ጨርቅ ነው፤ ሱቅ ውስጥ የጠበበ ደንገጎም ላይ ጠባብ ነው። ቁልቁለቱን ስወርድ የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቆረ፣ በሳምንቱም ተነቀለ።

ቁጥሩ ራሱ ታሪክ አለው። 42፣ 43 የምንለው የፈረንሳይ ጫማ ሰሪዎች መለኪያ ነው። እንደ ለገሃር ስም ሁሉ ይህም ከፈረንሳዮቹ የመጣ ነው። አንዱ ቁጥር የሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሚለካው ግን እግራችሁ ሳይሆን ጫማው የሚሠራበት ፎርማ ነው፤ ፎርማውም ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። ስለዚህ ወረቀት ላይ ቆማችሁ ከተረከዝ እስከ ረዥሙ ጣት ያለውን በሴንቲ ሜትር ለኩ። ጫማው ምላስ ላይ ካለው መለያ ላይ በሴንቲ ሜትር የተጻፈውን ፈልጉና አስተያዩት። 42 ብዙ ጊዜ 26.5 ተብሎ ይጻፋል። ሰው ብዙ ጊዜ አንዱ እግሩ ከሌላው ይረዝማልና ሁለቱንም ለኩ፣ በትልቁ ግዙ።

ስትሞክሩ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። እግር በቀን ውስጥ ያብጣል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ይብሳል፤ ሩጫም እንዲሁ ያሳብጠዋል። የምትሮጡበትን ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። ማሰሪያውን አስራችሁ ቁሙ፤ ከረዥሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ይኑር፣ ጣቶቻችሁን ስታንቀሳቅሱ ጎን ለጎን አይፋጩ፣ ተረከዛችሁም ስትራመዱ አይነሳ። ከዚያ ሱቁ በር ላይ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ሶምሶማ ሩጡበት። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። አበበ ቢቂላ እንኳ ሮም ላይ ጫማውን የተወው ያገኘው አዲስ ጫማ ስላልተመቸው ነው፤ በአራት ዓመቱ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ከሮሙ ሰዓቱ ሦስት ደቂቃ ያህል አሻሽሏል።

ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት። ብርሃን ካሳለፈ አየርም ያሳልፋል። ላብ የሚይዝ ድፍን ጨርቅና የጥጥ ካልሲ አንድ ላይ ሲሆኑ እግር ውሃ ይቋጥራል። በጣም ሰፊ ቀዳዳ ያለው ደግሞ የደቻቱን አሸዋ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ መካከለኛውን ያዙ።

ኦርጅናሉን ከፎርጂዱ፣ ሰልባጁንስ ከአዲሱ እንዴት ልለይ?

ከድሬ ገበያዎች ታይዋንም ሂዱ አሸዋ፣ «ኦርጅናል ነው» የማይባል ጫማ የለም። ዓይን የሚያየው አርማና ቀለም ነው፣ እሱ ደግሞ ለመቅዳት ቀላል ነው። ለመቅዳት የሚያስቸግረው ስፖንጁ ነው። በአውራ ጣታችሁ ጎኑን ጫኑት፤ እንደ እንጨት ከደረቀ ወይም ተጭኖ ከቀረ ተዉት። ጫማውን እንደ ልብስ ጭመቁት፤ ወገቡ ላይ ትንሽ ተቋቁሞ መታጠፍ አለበት። ፊቱን ስታጥፉት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ እንጂ መሃሉ ላይ አይሰበር። የተረከዙን ጀርባ በሁለት ጣት ጫኑት፤ ሙሉ በሙሉ የሚተኛ ከሆነ እግር አይዝም። ምላሱ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆኑንም እዩ።

እነዚህን ፈተናዎች ያለፈ ስም የለሽ ጫማ፣ ካላለፈ ስመ ጥር ጫማ ይሻላል።

ሰልባጅ ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ስፖንጁ በሌላ ሰው እግር ተጨምቆ ማለቁን ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ እዩት፤ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ከሆነ የሌላ ሰው አረጋገጥ ታትሞበታል። ጎኑ ላይ የተደረደሩ የሽብሽብ መስመሮችም የድካም ምልክት ናቸው። ሳይደረግ ዓመታት የተቀመጠ ጫማም አዲስ አይባልም። ማስቲሹ ይደርቃል፤ አንዳንድ ዓይነት ስፖንጅ በእርጥበት ምክንያት ውስጥ ውስጡን ፈርሶ፣ በተደረገ በመጀመሪያው ቀን እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ብዙ ጫማዎች ምላሳቸው ውስጥ የተመረቱበት ወርና ዓመት በጥቃቅን ቁጥር ተጽፏል፤ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ፈልጉት።

ስንት ጊዜ ያገለግላል?

በአማካይ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይባላል። በሳምንት አራት ቀን 7 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው 600ውን በአምስት ወር ይደርስበታል። ክብደት ያለው ሰው ቀደም ይላል፣ ለስለስ ባለ መንገድ የሚሮጥ ይቆያል። ስፖንጁ ከጎማው ቀድሞ ስለሚሞት ዓይን ይታለላል፤ ጥርሱ ያልተበላ ጫማ ውስጡ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ የሚነግራችሁ ሰውነት ነው። በተለመደው መንገድ፣ በተለመደው ፍጥነት ሮጣችሁ ጉልበት ወይም የባት አጥንት ማመም ከጀመረ ጫማውን ጠርጥሩ። ጫማ ሰፊው አዲስ ጎማ ሊለጥፍላችሁ ይችላል፣ ስፖንጁን ግን አይመልሰውም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ጫማው ለሩጫ ብቻ ከዋለ ነው። በሮጣችሁበት ጫማ ቀኑን ሙሉ ሥራ ብትቆሙ፣ ማታም ብትወጡበት፣ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ትርጉም ያጣል። እኔ አዲስ ጫማ ስገዛ የጀመርኩበትን ቀን በእስክሪብቶ ምላሱ ውስጥ እጽፋለሁ። ስድስት ወር ሲሞላው ቀፊራ ገበያ መሄጃ ይሆናል፤ እዚያ ሽንኩርትና ድንች ተሸክሞ ለመመለስ ገና ብዙ ዕድሜ አለው።